ደላላ መቀየር በትንሽ ከተማ

ቤት ገዝተን ከገባን ወዲህ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን የሚመጡ እኩዮቼ መጀመሪያ ዋጋውን ይጠይቃሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያን ልጅ ግን እንዴት አድርገሽ ተውሽው?" ይሉኛል። ልጅ የሚሉት የመጀመሪያውን ደላላችንን ነው። አዲስ አበባ ቢሆን አንዱን ደላላ ትቶ ሌላ መያዝ ስልክ ካለማንሳት አያልፍም ይሆናል። አሶሳ ግን የተዉት ደላላ ነገ ገበያ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ቤት ይገኛል። የእኛው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ያዋለድኩት እኔ ነኝ። እናቱ ጎረቤቴ ነበረች፤ ክትባቱንም ጀምሮ የጨረሰው በእኔ እጅ ነው።

ጥያቄው ስለበዛብኝ፣ ደግሞም ለስተርጅና ማረፊያ ቤት የሚፈልጉ ወላጆች ይህን ገጽ እንደሚያነቡ ስለማውቅ ነገሩን እንደሆነው ልጽፈው ተነሳሁ።

በነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ወደዚህ አገር የመጣሁት በ1978 ዓ.ም. ነው። በድርቁ ምክንያት ከወሎ ብዙ ሰው በሰፈራ ወደ አሶሳ የመጣበት ጊዜ ነበር። ያኔ ቤት የሚገኘው በማመልከቻ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ማከራየት የመንግሥትና የቀበሌ ሥራ ሆኖ ነበር። እኛ ማመልከቻ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ተራ መጠበቅ የምናውቅ ትውልድ ነን። ዘመኑ ተለውጦ ቤት በገበያ ሲሆን የእኔ ዕድሜ ሰው ደላላ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሠራ በቅጡ ሳያውቅ ጡረታ ወጣ።

በዚህ የተነሳ ይመስለኛል፣ ደላላን ወይ እንደ ሌባ እናየዋለን፣ ወይ እንደ ዘመድ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ዐረብኛ የሚናገሩ የበርታ ጎረቤቶቻችን ሲሰሙት አስተርጓሚ አይፈልጉም። ሥራው ሻጭንና ገዢን ፈልጎ ማገናኘት ነው። የሚከፈለው ግን ሽያጩ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ደግ ነው። ሦስት ወር በፀሐይ ይዟችሁ ዞሮ ባትገዙ አምስት ሳንቲም አያገኝም። የማይሆን ቤት ብትገዙ ግን ድርሻውን ሙሉ ይቀበላል፤ ብዙውን ጊዜ ከሻጩም ከእናንተም። እንግዲህ ሰውዬው ደግ ቢሆን እንኳ ሥራው ራሱ ወደ "ይግዙት" ይገፋዋል።

ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስ። እስከ ጡረታዬ የኖርነው በሥራ ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ ተከራየን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ በኋላ በኩርሙክ በኩል የሚገባው ስደተኛ በረከተ፤ እሱን ሊረዱ የመጡ ድርጅቶች ሠራተኞችም ቤት ይፈልጋሉ። እኛ ሰፈር ኪራይ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨመረ። አከራያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚከፍል ካገኙ ምን ያድርጉ? የእኔ የጡረታ ደመወዝ አምስት ሺህ አይሞላም። ባለቤቴ መምህር ነበር፤ የእሱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስኳር አለበት፣ እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶበት ያውቃል። በየዓመቱ ዕቃ ጭኖ ቤት መቀየር የሚችል ሰው አይደለም።

ሁለቱ ልጆቻችን፣ አንዷ አዲስ አበባ አንዱ ባሕር ዳር፣ ዕቁባቸውንና ቁጠባቸውን አሰባስበው እኛ ካስቀመጥነው ጋር ሲደመር ወደ አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር ሆነ። ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ ገንዘብ ነው። ለእኛ የአራት ሰው የሥራ ዘመን ነው። አንዴ ከጠፋ የሚተካበት ዕድሜ የለንም፤ ልጆቹም ገና የሚያሳድጓቸው ልጆች አሏቸው። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሳሉ፣ የመንዲና የጊምቢው መንገድም ባስተማማኝ በማይከፈትበት ዘመን፣ መጥተው አይተው ሊገዙልን አይችሉም። ስለዚህ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ያዋለድኩትን ልጅ ጠራሁት።

ልጁ ታታሪ ነው፤ ይህን ልመስክርለት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዞ ደጃፋችን ይቆማል። በሦስት ወር ሰባት ቤት አሳየን። እኔ ከሥራ የቀረልኝ ልማድ መዝገብ መያዝ ነውና በአሮጌ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የቤቱን ቦታ፣ ያሳየንን ሰውና የተባለውን ዋጋ እጽፍ ነበር። ባለቤቴ "የሕመምተኛ ካርድ አወጣሽላቸው" እያለ ይስቅብኛል። ያ ደብተር በኋላ ከጠብ አዳነን።

የሰለቸኝ ነገር፣ ልጁ ስለ እኛ አንድም ነገር አለመጠየቁ ነው። ስንት ብር እንዳለን ጠየቀ፤ ማን እንደሚኖርበት ግን አልጠየቀም። ሁለተኛው ቤት መጸዳጃው ከዋናው ቤት ሠላሳ እርምጃ ርቆ በቁልቁለት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሌሊት ሦስት አራቴ ይነሳል፤ በክረምት ጭቃ እዚያ ድረስ በባትሪ ሲወርድ ታየኝ። አራተኛው ቤት ጀርባ ለጡብ ጭቃ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ተኝቷል። ዕድሜዬን ሙሉ የወባ ሕመምተኛ ያየሁ ሰው እዚያ አጠገብ የልጅ ልጅ አላስተኛም። አምስተኛው ግድግዳው በአንድ በኩል ብቻ አዲስ ተለስኗል። አሶሳ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ምስጥ ትዝ ይለዋል። በቤቱ ቁልፍ የማዕዘኑን ምሰሶ መታ መታ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ፤ እንጨቱ ከውስጥ አልቋል። ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። "ሲስተር፣ ይስተካከላል" ይለኛል። ለሁሉም መልሱ ይኸው ነበር።

ሰባተኛው ቤት ግን ልብ የሚሰርቅ ነው። ብሎኬት ነው፣ ሦስት ክፍል፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ የማንጎ ዛፎች፣ ለሆስፒታልም ቅርብ። ዋጋውም ከአካባቢው ይረክሳል። ባለቤቴ ከማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ "እዚህ ነው የምሞተው" አለ። እኔ ደግሞ ዋጋው ለምን ረከሰ ብዬ ነው የጨነቀኝ።

ለካስ ባለንብረቱ ሱዳን ነው። ለንግድ ካርቱም ሄዶ ከጦርነቱ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሚስቱም አብራው ናት። የሚሸጠው ወንድሙ ነው። "ውክልና አለው፣ ችግር የለም" አለ ልጁ። ወረቀቱን አምጣና እንየው አልን። ስናነበው ጠቅላላ ውክልና ነው፤ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ ግብር እንዲከፍል፣ መሥሪያ ቤት እንዲመላለስ የሚል። ቤት መሸጥ የሚል ቃል የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በቁጥር 2205 ላይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ይህን ያወቅሁት ጠበቃ ሆኜ አይደለም፤ ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መጽሐፉን እንደ ልብ ወለድ ነው የሚያነበው። ሌላም አለ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮት ያበቃል። ካርቱም ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት ጊዜ ሰውዬው በሕይወት መኖሩን ማን ይነግረናል? ሚስትየዋስ? የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስናስረዳው አንድ ቀን ዝም ብሎ ቆየና በማግሥቱ ደወለ። ከባምባሲ የመጣ ገዢ አለ፣ ዛሬ ማታ መቶ ሺህ ብር ቀብድ ካልሰጣችሁ ቤቱ ይሄዳል አለኝ። "ቀብዱ ካልሆነ ይመለሳል" አለ። ቀብድ ግን እንደዚያ አይሠራም። ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው አጠፌታውን ይመልሳል ነው የሚለው። ካርቱም ለጠፋ ሰው ቤት የተሰጠ መቶ ሺህ ብር እጥፍ ሆኖ ሊመለስ ቀርቶ ማን ዘንድ እንደገባ የሚታወቅ አይመስለኝም።

ያን ቀን ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተማከርን። ልጁ ሊያጠፋን አስቦ አይደለም፤ ይህን ሁለታችንም እናምናለን። ሦስት ወር ያለ ገቢ ዞሯል፣ ቤቱም አጓጊ ነው፣ ወረቀት ማንበብ ልማዱ አይደለም። ግን ሐኪም ቤት ስሠራ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የሚቸኩል ሰው መርፌ ሲይዝ አጠገቡ አለመተኛትን ነው። ያስቸገረን ይሉኝታው ነበር። እናቱ ምን ትላለች? ሰው ምን ይላል? የገዛ ልጄ እዚህ ላይ በስልክ የተናገረችው አይረሳኝም። "እማዬ፣ ለይሉኝታው እኛ ነን የምንከፍለው" አለችኝ።

በማግሥቱ ልጁን ቡና ጠራሁት። ይህን በስልክ ማድረግ ይቻላል፤ እኔ ግን በትንሽ ከተማ ፊት ለፊት ካልተነጋገሩ ነገሩ በሌላ ሰው አፍ ተጠምዞ እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው። ባለቤቴም አብሮን ተቀመጠ። ሁለተኛው ቡና ላይ ደብተሬን አወጣሁ።

"ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤት አትፈልግልን" አልኩት። "ያሳየኸን ሰባት ቤት ነው፤ ይኸው ተጽፏል። ከእነዚህ አንዱን ብንገዛ፣ ዓመትም ቢቆይ፣ በማንም በኩል ቢመጣ ኮሚሽኑ ያንተ ነው። ከዚህ ውጪ የምናየው ግን ያንተ አይደለም።"

ፊቱ ጠቆረ። "ሲስተር፣ በእርስዎ እጅ ተወልጄ እንዲህ ያደርጉኛል?" አለ።

ባለቤቴ ቀበል አደረገው። "የወለደችህ እናትህ ናት። ይህችኛዋ ደመወዟን ተቀብላ ነው ያዋለደችህ።"

ልጁ ሳይወድ ሳቀ። እኔም ሦስት ሺህ ብር ለባጃጅና ለስልክ ካርድ ብዬ በፖስታ ሰጠሁት። ያለብኝ ዕዳ አልነበረም፤ ባዶ እጁን ከቤቴ እንዲወጣ ስላልፈለግሁ ነው። ያሳየንን ሰባቱን ቤቶች የጻፍኩበትን ገጽ ሁለት ቅጂ አድርጌ አንዱን እሱ ፈረመ፣ አንዱን እኔ። ፖስታውን ግን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። እናቱ ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይታኝ ፊቷን አዞረች። ሦስተኛው እሑድ እኔው ሄጄ ፖስታውን በእጇ ሰጠኋት። ምንም ሳትለኝ ተቀበለችኝ፣ ጉንጬንም ሳመችኝ። እንዲህ ሲሆን ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም፤ ጀምሯል ማለት ነው።

አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ በኋላ ይህን ሳጫውታት ሳቀች። እነሱ ጋ ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ የቤት ወኪሎች ገዢን ይዘው ቤት ከማሳየታቸው በፊት የጽሑፍ ውል ማስፈረም ግዴታ ሆኖባቸዋል። ውሉ ላይ ክፍያውም ተጽፎ ይገኛል፤ ወኪል መቀየር የፈለገ መጀመሪያ የፈረመውን ወረቀት ያገላብጣል። እኛ ጋ ውል ስለሌለ መቀየሩ የሚቀል ይመስላል። ሆኖም የተጻፈ መጀመሪያ የሌለው ነገር የተጻፈ መጨረሻም የለውም። የእኔ የደብተር ገጽ ያን ያህል የምታኮራ ባትሆንም ያንን ቦታ ሸፍናልናለች።

ሁለተኛዋን ደላላችንን ያገኘኋት መናኸሪያው አካባቢ ቡና ስትሸጥ ነው። የበርታ ተወላጅ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ ከቡናው ጎን ቤት ታገናኛለች። የማውቃት የመጨረሻ ልጇን ስትከታተል ጤና ጣቢያ በመመላለሷ ነው። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሲስተር፣ የሚኖርበት ማን ነው?" ብላ ነው። ስለ ባለቤቴ እግር ነገርኳት። ቀጥላ "በፊት ያሳየዎት ሰው አለ ወይ?" አለችኝ። ዝርዝሩን አሳየኋት። "እነዚህን እኔ አላነካም" ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረች። "አሁን የካቲት ነው፤ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ካልቸኮላችሁ ዝናቡ ይጀምርና እንይ።" ኮሚሽን የሚጠብቅ ሰው ሦስት ወር ቆዩ ሲል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ውሳኔዬ ትክክል መሆኑን የነገረኝም ይኸው ነበር።

ጠበቅን። ግንቦት ላይ ሰማዩ ሲከፈት አራት ቤት አሳየችን፤ ሁሉንም ዝናብ ባባራ በሰዓቱ። አንዱ ግቢ ኩሬ ሆኖ አገኘነው፤ ሌላው ጋ ባጃጁ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ተጣብቆ ቀረ። እዚያ ሰው ሌሊት ቢታመም በቃሬዛ ሊወጣ ነው ብዬ ሳልገባ ተመለስኩ። ሦስተኛውን ወደድነው። ከእንጨትና ጭቃ የተሠራ ነው፣ መሠረቱ ግን በድንጋይ ከፍ ብሏል፣ መጸዳጃው ከበረንዳው ጋር የተያያዘ ነው። ጣሪያው ሥር ገብታ በባትሪ አየች። "ምስጥ በዚህች ማዕዘን ጀምሯል፤ ሌላው ደህና ነው፤ ይህን ለዋጋው እናድርገው" አለች። በመጀመሪያው ደላላ ቢሆን ይህችን ማዕዘን ያገኘኋት እኔ ነበርኩ፤ የሚከራከረኝ ደግሞ እሱ።

ወረቀቱ ላይ ጊዜ ወሰድን። አረጋዊው ሻጭ ሐጂ ናቸው፤ ሚስታቸውም አሉ፤ ሁለቱም በአካል። የይዞታ ካርታውን ቅጂ ይዘን ማዘጋጃ ቤት ሄደን ከፋይሉ ጋር አመሳከርን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋገጥን፣ የግብር ደረሰኞቹንም አየን። ሴትዮዋ ሜትር ይዛ ግቢውን ስትለካ አጥሩ ከካርታው ውጪ ሁለት ሜትር ወደ መንገዱ ወጥቶ ተገኘ። ነገ መንገድ ሲሰፋ የሚፈርስ ነው። ሐጂ አልካዱም፤ "እኔም ከገዛሁበት ጀምሮ እንዲሁ ነው" አሉ። ከምስጡ ጋር ተደምሮ ዋጋው ሠላሳ ሺህ ብር ወርዶ አንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ ላይ ተስማማን።

እዚህ ጋ ብዙ እኩዮቼ የማያውቁትን አንድ ነገር ልጨምር። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፤ የገዛነው ቤቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው ይላል። ሐጂ የሚገብሩት እንደ ነባር ባለይዞታ ነበር፤ እኛ ግን የሊዝ ክፍያ ይመጣብናል። ይህን አስቀድማ የነገረችን ሴትዮዋ ናት። ልጃችን ስሌቱን ሠርታ በወር በወር የምታስቀምጠውን ከወዲሁ መደበች። ከሰባቱ ቤቶች በአንዱም ላይ ይህ ተነስቶ አያውቅም።

ውል ልንዋዋል አራት ቀን ሲቀረን የመጀመሪያው ልጅ ተመልሶ መጣ፤ ወደ እኛ አይደለም፣ ወደ ሐጂ። ለካስ ሐጂ ቤታቸውን እንደሚሸጡ ቀደም ሲል ለእሱም ነግረውት ኖሯል። ለእኛ አላሳየንም፤ ዝርዝሩ ላይም የለም። አሁን መቶ ሺህ ብር የሚጨምር ሌላ ገዢ አለኝ ብሎ ቀረበ። ገዢው እውነት ይኑር አይኑር አላውቅም። ባለቤቴ የዚያን ቀን የስኳር መድኃኒቱን መውሰድ ረሳ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ይህ ሆኖ አያውቅም።

ሐጂ አስጠሩን። "ቃሌን ለእናንተ ሰጥቻለሁ፤ ግን እኔም ድሃ ነኝ፣ ልጆቼ ለምን መቶ ሺህ ብር ትጥላለህ ይሉኛል" አሉ። ቅንነታቸው ክርክር አሳጣኝ። ሃምሳ ሺህ ጨምረን አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ላይ ቆምን። ይህ ሃምሳ ሺህ ብር ደላላ የመቀየራችን ዋጋ ነው፤ እንዲያ ብዬ ነው በደብተሬ የጻፍኩት። ካርቱም ለጠፋው ሰው ቤት ልንሰጥ ከነበረው ቀብድ ግማሹ ነው።

የውሉ ዕለት ውልና ማስረጃ በር ላይ ሁለቱም ደላሎች ቆመው አገኘናቸው። ሐጂና ሚስታቸው፣ እኔና ባለቤቴ፣ ምስክሮቹ፣ ከልጆቹ ገንዘብ ጋር በሲፒኦ የተሠራው ክፍያ፣ ሁሉም ተሟልቷል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ካልተመዘገበ እንዳይጸና ሕጉ በቁጥር 1723 ደንግጓልና እዚያ ከመግባታችን በፊት አንድ ብር ከእጃችን አልወጣም ነበር። ፈርመን ስንወጣ ልጁ ቀረበኝ። "ሲስተር፣ ቤቱን ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግማሹ ይገባኛል" አለ።

የተነጋገርነው ከመቶ ሁለት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ይሆናል። ደብተሩን አወጣሁ፤ ፊርማውን አሳየሁት። "እኛ የምንከፍለው አንድ ጊዜ ነው" አልኩት። "ከእሷ ጋር የምትካፈሉት ካለ የእናንተ ጉዳይ ነው።" እሷ ጥቂት አሰበችና ከሐጂ ከምትቀበለው ላይ አምስት ሺህ ቆርጣ ሰጠችው። "ሻጩን ቀድሞ አውቋል፤ ነገም አብረን እንሠራለን" አለችኝ በኋላ። እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር። እሷ ግን የዕለት እንጀራዋ እዚያ ገበያ ላይ ነው፤ የምታውቀውን ታውቃለች።

የስም ዝውውሩ ወራት ፈጀ። ካርታው በሁለታችን ስም ወጥቶ እጃችን ሲገባ ባለቤቴ ፎቶ አንስቶ ለልጆቹ ላከ። የምስጡን ማዕዘን አስቀየርን፣ መጸዳጃው ግድግዳ ላይ የሚደገፍበት ብረት አስገጠምን። የማንጎ ዛፍ የለውም፤ ባለቤቴ ሁለት ችግኝ ተክሏል፣ አጥሩ ይፈርሳል ብሎ ከካርታው ወሰን በውስጥ በኩል። የሊዙን ለማገዝ ከኋላ ያለችውን ክፍል ማከራየት ስናስብ ለመጀመሪያው ልጅ ደወልኩለት። ኪራይ ላይ ከእሱ የሚፈጥን የለም። በሦስተኛው ቀን የጤና ትምህርት የምትማር ልጅ ከነመታወቂያዋ ይዞልኝ መጣ። ድርሻውን በዕለቱ ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ደብተሩ ላይም ፈረመ።